ተሠርቶ የሚመለስ መሪ፦ ያረጀ መኪናና የዘይቱ ምስክርነት

የመካኒክን ስም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሠርቶ ያስረከበው መኪና መመለሱ ነው፤ ከሚመለሱትም መካከል መሪያቸው የሚከብድ፣ የሚጮህ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ የቤት መኪኖች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። አካሄዱ ለሙያው ሰዎች የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ቱቦው አፈሰሰ ተብሎ ይቀየራል፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ፖምፓው ያቃስታል ተብሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ የመሪው ጥርስ የተቀመጠበት ረጅሙ ቤት ተፈትቶ ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ፣ ይለወጣል፣ ዓመት ሳይሞላም አዲሱ ፖምፓ እንደ አሮጌው ማቃሰት ይጀምራል። ባለ መኪናው አራት ችግር ተራ በተራ የደረሰበት ይመስለዋል፤ ጋራዡም አራት ጊዜ ስለተከፈለው ይህን እምነት ለማረም አይቸኩልም። አራቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ችግር አራት መልኮች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘውም በሁሉም ውስጥ እየዞረ የሚያልፈው ዘይት ስለሆነ፣ ብሎን ከመፍታት በፊት ዘይቱን ማንበብ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን ይገባዋል።

ፓወር ስቲሪንግ የሚባለው የመሪ አጋዥ በቀድሞው አሠራሩ፣ ማለትም በዘይት ግፊት በሚሠራው ዓይነት፣ ከሦስት ዋና ክፍሎች የተዋቀረ ነው። በቺንጋ አማካይነት ከሞተሩ ጉልበት የሚቀበለው ፖምፓ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ ይገፋል፤ በመሪው ዘንግ ግርጌ ያለው ቫልቭ የሾፌሩን እጅ አቅጣጫ ተከትሎ ዘይቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያከፋፍላል፤ በመሪው ጥርስ ላይ የተገጠመው ፒስተንም በዚያ ግፊት ተገፍቶ ጎማዎቹን ያዞራል። መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዘይቱ ያለ ብዙ ግፊት እየዞረ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲያዝ ግን ግፊቱ በትንንሽ መኪኖች ጭምር ከ60 እስከ 100 ባር፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት ስልሳና መቶ እጥፍ፣ ሊደርስ ይችላል። ዘይቱ ያለ ሥራ ሲዞር ግፊቱ ዝቅ እንዲል ማድረግ የአሜሪካዊው መሐንዲስ የፍራንሲስ ዴቪስ ሐሳብ ነበር፤ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በፒርስ አሮው መኪና ላይ ገጥሞ ያሳየው መሣሪያ ቫልቩን ክፍት አድርጎ በማቆየት የዘይት መፍሰስን ለመቀነስ የታሰበ ነበር። ሐሳቡ ወደ ገበያ የወጣው ግን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል በሚባለው መኪናው ላይ ሲያቀርበው ነው። መፍሰስ ከፈጠራው ዕለት ጀምሮ የዚህ መሣሪያ ጠላት እንደነበረ ማስታወስ፣ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የሚታየውን ለመረዳት ይረዳል።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በደርግ ዘመን የገቡት ላዳዎች ይህ አጋዥ አልነበራቸውም፤ የላዳ ሾፌር ጎማው በመጠኑ ሳይንቀሳቀስ መሪ እንደማይጠመዘዝ በክንዱ ድካም ተምሮታል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ኮሮላዎችና ሌሎች የጃፓን መኪኖች ሾፌሩን ከዚህ ልፋት ሲያሳርፉት ልማዱንም አስረሱት፤ ቆሞ መሪን እስከ መጨረሻው መጠምዘዝና እዚያው ይዞ መቆየት፣ ለፖምፓው ከሁሉ የከበደው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በጠባብ ማቆሚያ ሁሉ የሚታይ ነገር ሆነ። መኪኖቹ ደግሞ አልተተኩም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ ሲያደርገው፣ ቀድሞውኑ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ጨመረ፤ አሽቀንጥሮ በመጣል ፈንታ መጠገን የግድ ሆነ፣ የመሪ ጥገናም አብሮ በዛ።

ዘይቱን ማንበብ እንዲህ ይጀመራል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የማጠራቀሚያው ክዳን ይከፈታል፣ በክዳኑ ላይ ካለው መለኪያ ዘንግ ጥቂት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠረጋል፣ ጨርቁም ወደ ፀሐይ ይወጣል። ጤነኛው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይና የጠራ ነው፤ ብዙዎቹ የቶዮታ መኪኖች ለመሪያቸው የሚጠቀሙት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን የሚባለው፣ ቀለሙ ይኸው ነው። ወደ ቡናማ የተለወጠና የተቃጠለ ጠረን ያለው ዘይት ለረጅም ጊዜ በሙቀት መሥራቱን ይናገራል፤ ጥቁር ሆኖ በጣት መካከል ሲፈተግ ልስላሴው የተቋረጠ ከሆነ ከቱቦዎቹ ውስጠኛ ጎማ የተላጠ ብናኝ ይዟል፤ በጨርቁ ላይ እንደ አሸዋ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ከተገኘ ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው። በላዩ አረፋ የሰፈረበትና ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ወተት የተጠጋ ዘይት ደግሞ አየር እየጠጣ ነው ማለት ነው።

የአየሩን ጉዳይ ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያለ ጥፋቱ የሚወርድ ፖምፓ ብዙውን ጊዜ መነሻው ከዚህ ነው። ከማጠራቀሚያው እስከ ፖምፓው ያለው ወፍራም ቱቦ ዘይት የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት ስላልሆነ፣ በላዩ ላይ ስንጥቅ ሲፈጠር ወይም ፋሼታው፣ ማለትም ቱቦውን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት፣ ሲላላ ዘይት ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ስለማይኖር መካኒኩ የሚመለከተውን ያጣል፣ ጆሮውን ብቻ አምኖም «ፖምፓው ሞቷል» ይላል። ከፖምፓው አንገት ሥር የምትቀመጠው ትንሿ የጎማ ቀለበት ስትደርቅ ደግሞ ይኸው ይሆናል፤ ዋጋዋ ከፖምፓው ዋጋ ጋር የማይወዳደር ቀለበት ሳትለወጥ ስንት ፖምፓ እንደተለወጠ የሚቆጥረው የለም። የአዲስ አበባ ከፍታም በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ዘይቱን ወደ ፖምፓው አፍ የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ መኪናው ሳይነዳ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበትም ጊዜ፣ በጋራዥ ቋንቋ በሚኒሞ ላይ፣ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሚሆን መሪው ሲጠመዘዝ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ይህን አይቶ ፖምፓውን የሚወነጅል ካለ፣ በመጀመሪያ የሞተሩን አየር ማጣሪያ፣ ካንዴላና ሚኒሞ ቢመረምር ይሻለዋል።

ጩኸትን ከጩኸት መለየትም የሙያው አካል ነው። ቺንጋ ሲላላ ወይም ዘይት ሲነካው ድምፁ ቀጭንና ስለታም ነው፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣና መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ ይሰማና ያልፋል፤ ፖምፓ ግን ያቃስታል፣ ድምፁም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየወጣና እየወረደ ይቀጥላል። መሪው ያለ ምንም ድምፅ የከበደ እንደሆነ ደግሞ ዘይቱን ለጊዜው መተውና ወደ ጎማው ንፋስ፣ ወደ ቴስቲናው፣ ማለትም ጎማውን ከመሪው ዘንግ ጋር ወደሚያገናኘው ኳሳማ መጋጠሚያ፣ መሄድ ይገባል።

የሚመላለሰው ችግር ዋና ምሥጢር ግን የአዲሱ ፖምፓ መሞት ነው። አሮጌው ፖምፓ ሲያልቅ የተፈተገው የብረቱ ብናኝ አብሮት አይወርድም፤ በቱቦዎቹ፣ በቫልቩና በማጠራቀሚያው ግርጌ ባለችው ፊልትሮ ላይ ተኝቶ ይቀራል። አዲሱ ፖምፓ ተገጥሞ በላዩ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ዘይት ሲጨመር፣ ንጹሑ ከቆሻሻው ጋር ይቀላቀልና የመጀመሪያው ፖምፓ የሞተበትን በሽታ ለሁለተኛው ያስተላልፋል። በብዙ ያረጁ መኪኖች ማጠራቀሚያው ግርጌ ያለችው ወንፊት መሳይ ፊልትሮ በጭቃ መሰል ዝቃጭ ተደፍና ትገኛለች፤ እሷ ስትደፈን ፖምፓው ዘይት እየተራበ ያቃስታል፣ የተራበውም እንደታመመ ተቆጥሮ ይለወጣል።

ስለዚህ ፖምፓ ከመገጠሙ በፊት ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል፤ ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የፊት ጎማዎች በክሪክ ከመሬት ይነሣሉ፣ መኪናውም በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይደገፋል፤ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰው ቀጭን ቱቦ ይነቀልና አፉ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው የተነቀለበት የማጠራቀሚያው ቀዳዳ ይደፈናል። ሞተሩ ሳይነሣ መሪው በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ሲዞር አሮጌው ዘይት እየተገፋ ወደ ጠርሙሱ ይወጣል፤ ረዳቱ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን አዲስ ዘይት እያፈሰሰ ይቆያል። የሚወጣው ዘይት ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ቀይ ሲለወጥ በጠርሙሱ ውስጥ በግልጽ ይታያል። አንድ ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ለመታጠብ ሁለትና ሦስት ሊትር መፍጀቱ ባለ መኪናውን ቢያስከፋውም፣ ከሁለተኛ ፖምፓ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቱቦው ተመልሶ፣ ጎማዎቹም ከመሬት እንደተነሡ፣ መሪው ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ አረፋው እስኪጠፋም ይጠበቃል፤ ሞተሩ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንደ ሶማሌ ተራ ካለ የመለዋወጫ ገበያ የሚገዛ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ፖምፓ ሁልጊዜ የሚነቀፍ አይደለም፤ ኦሪጅናል የጃፓን ፖምፓ ያገለገለ ቢሆንም ከርካሽ አዲስ የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ገዥው ግን መዘውሩን በእጁ ማዞር፣ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጎ ኩሽኔታውን መፈተሽ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው መቀመጣቸውንም ማየት አለበት፤ አፉን ከፍቶ በአቧራ ላይ የሰነበተ ፖምፓ ከመገጠሙ በፊት በሽታውን ይዟል።

በአንዳንድ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የቶዮታ ሥሪቶች፣ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ፖምፓው ላይ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች የተገጠሙባት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሥራዋ መሪው ሲጠመዘዝ ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ አየር በመጨመር ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። የውስጧ ማገጃ ሲያልቅ ግን ሞተሩ በአየር ቱቦው በኩል የመሪውን ዘይት መጥጦ ያቃጥለዋል። ዘይቱ በየሳምንቱ ይጎድላል፣ ከሥር ግን አንዲት ጠብታ አይታይም፤ ማርሚታው ነጭ ጭስ ስለሚያወጣ የሞተሩ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል ተብሎ ሞተር እስከ መክፈት ይደረሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱን ነቅሎ ውስጡን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል፣ ደረቅ መሆን የሚገባው ቱቦ ቀይ ዘይት ካወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ያን ያህል ግልጽ የሆነ ምልክት ያን ያህል ሳይታይ መቅረቱ፣ ፈሳሽ የሚፈለገው ሁልጊዜ ከመኪናው ሥር ስለሆነ ነው።

ከጥፋቶች ሁሉ ይቅርታ የማይገባው የፍሬን ዘይት ወደ መሪው መጨመር ነው። የፍሬን ዘይት ሥሪቱ ሌላ በመሆኑ ለመሪው የተዘጋጁትን ጎማዎች ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም፤ መጀመሪያ ላይ ያበጠው ጎሚኒ ቀዳዳውን ስለሚሞላ መፍሰሱ ቆመ ይባላል፣ በሽያጭም ወቅት ይህን ተንኮል አውቆ የሚሠራበት አይጠፋም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በአንድ ጊዜ ከሁሉም ቦታ ይፈሳል፣ ያኔ የሚለወጠው አንድ ጎሚኒ መሆኑ ቀርቶ የመሪው ሙሉ አካል ይሆናል። መፍሰስ ያቆማሉ ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡት መድኃኒቶችም ሥራቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ለቀናት ሊያግዙ ይችላሉ፣ ጥገና ናቸው ማለት ግን አይቻልም።

በጠጠርና በአቧራ መንገድ የኖረ መኪና ላይ ደግሞ የመሪው ጥርስ ዳርና ዳር ያሉት፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉት የጎማ ሽፋኖች ይቀደዳሉ፤ አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጎሚኒ ብቻ ለውጦ ማስረከብ በዚህ ጊዜ ሥራውን ለመመለስ መዘጋጀት ነው፤ ጥፍር ሲጎተትበት የሚያቆም ጭረት ያለበት ዘንግ አዲሱን ጎሚኒ በሳምንታት ውስጥ ይበላዋል። ይህን ለባለ መኪናው ቀድሞ መናገርና ሙሉ የመሪ ቤቱ እንዲለወጥ መምከር፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ እንኳ፣ ትክክለኛው መንገድ ነው።

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዙ መሪዎች፣ እንደ ብዙዎቹ የቶዮታ ቪትዞች ያሉት፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ደካማ ባትሪና የላላ የመሬት ሽቦ ግን መሪያቸውን ያከብደዋል፣ ምርመራቸውም ጨርቅ ሳይሆን የኮምፒውተር መሣሪያ ይጠይቃል። የዘይቱ መሪ ባለሙያ ግን ሥራውን ጨርሶ መኪናውን ሲያስረክብ በማጠራቀሚያው ጎን፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ የቆመበት ልክ ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጥፋል፣ ባለ መኪናውም ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን ከፍቶ እንዲያይ ይነግረዋል፤ ዘይቱ ከፕላስተሩ በታች ወርዶ ከተገኘ መኪናው በዚያው ቀን፣ ፖምፓው ሳያቃስት፣ ወደ ጋራዡ ይመለሳል።