አራት ዘፋኞች፣ አምስት ድምፅ

ያለ አንዳች የሙዚቃ መሣሪያ፣ በጉሮሯቸው ብቻ አዳራሽ የሚሞሉት የአሜሪካ ባርበርሾፕ ኳርቴቶች ዘወትር ይማርኩኛል።

ከአራቱ ዘፋኞች ዋናውን ዜማ የሚይዘው ሊድ ይባላል። ቴነሩ ከበላዩ በቀጭኑ ያጅበዋል፤ ቤዙ ከሥር መሠረት ይጥላል። እኔ የማደንቀው ግን ባሪቶኑን ነው። አንዴ ከሊዱ በላይ፣ አንዴ በታች እየሆነ የጎደለችውን ድምፅ ይሞላል። ለብቻው ሲሰሙት ዜማው ግራ ያጋባል፤ እሱ ከሌለ ግን ኮርዱ፣ ማለትም የድምፆቹ ጥምረት፣ ጎዶሎ ነው።

ትልቁ ጥበብ መደማመጡ ነው። የፒያኖ ቃና አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ እነዚህ ዘፋኞች ግን እየተደማመጡ ድምፃቸውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፤ አናባቢውንም በአንድ ዓይነት የአፍ ቅርጽ ያወጣሉ። ሲሰምርላቸው ማንም ያልዘፈነው አምስተኛ ድምፅ ከላይ ያስተጋባል። የድምፅ ሞገዶች ሲገጣጠሙ የሚፈጠር ነገር ነው። ምክንያቱን ባውቅም በሰማሁት ቁጥር ውርር ያደርገኛል።

ታሪኩም ሳይሸራረፍ መነገር አለበት። ይህ አዘፋፈን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያበበው በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ነው፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ሉዊ አርምስትሮንግ እንኳ በልጅነቱ በኒው ኦርሊንስ ጎዳናዎች በኳርቴት ዘፍኗል። በ1938 እ.ኤ.አ. በተልሳ፣ ኦክላሆማ የተመሠረተው የባርበርሾፕ ዘፋኞች ማኅበር ግን ለጥቁሮች በሩን የከፈተው በ1963 ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የዛሬዎቹን ኳርቴቶች የምትሰሙ ሁሉ፣ የጥቁር አሜሪካውያኑ ቡድን ዲንዊዲ ከለርድ ኳርቴት በ1902 ያስቀረጻቸውን መዝሙሮችም ፈልጋችሁ አድምጡ።