ድልድዩ ቆመ፤ ሰዉስ?

ስለ ሞስታር ድልድይ ሲነሣ ውዳሴው ይበዛል። እኔም ውበቱን አልክድም። ነገር ግን «የዕርቅ ሐውልት» እየተባለ በተሞገሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ለመሆኑ ማንን ከማን ነው ያስታረቀው?

በቦስኒያና ሄርዞጎቪና፣ በኔሬትቫ ወንዝ ላይ፣ የኦቶማኑ መሐንዲስ ሃይሩዲን እ.ኤ.አ. በ1566 ያቆመው ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ 427 ዓመት ኖረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1993 ከቦስኒያ ክሮአቶች ጦር በተተኮሰ ጥይት ተደብድቦ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። በዓለም ባንክና በልዩ ልዩ መንግሥታት ገንዘብ፣ በጥንቱ ቅርጽ፣ ካካባቢው በወጣ ድንጋይ እንደገና ተሠርቶ በጁላይ 2004 ተመረቀ። በዓመቱ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

የግንበኞቹን ሙያ አደንቃለሁ። የምነቅፈው ለድልድዩ የተሰጠውን ትርጉም ነው። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ካቶሊኮቹን ክሮአቶችና ሙስሊሞቹን ቦስኒያኮች የለያቸው ወንዙ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በሁለቱ ጦርነት ጊዜ የድልድዩ ሁለቱም ጫፎች በቦስኒያኮች እጅ ነበሩ። የተኩሱ መስመር ከወንዙ በስተምዕራብ፣ ቡሌቫር በሚባለው ጎዳና ላይ ነበር። እንግዲህ ድልድዩ የሚያሻግረው ወንዙን እንጂ ጠቡን አይደለም።

ቁስሉን ማየት የሚሻ ወደ ቡሌቫር ይዝለቅ። ጥይት የበሳሳቸው ሕንጻዎች ሰላም ከወረደ በኋላም ለብዙ ዓመታት እዚያው እንደተገተሩ ቀርተዋል። የከተማው አንጋፋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የሚገኘው በዚያው ሠፈር ነው። በ2004 የሁለቱ ወገን ልጆች እንደገና ባንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ ግን በሁለት ሥርዐተ ትምህርት። አንደኛው የሚማረውን ታሪክ ሌላው አይማረውም። በሩ አንድ፣ ትዝታው ሁለት!

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገራችን ሰው። ሕንጻ ዕርቅን ያግዝ ይሆናል፤ ሊተካው ግን አይችልም። በድልድዩ መዳረሻ ባለ ድንጋይ ላይ «93ን አትርሱ» ተብሎ ተጽፏል። መርሳትማ አይገባም። ዳሩ ግን ምን እንደሚታወስ አብረው ካልተነጋገሩበት፣ ድንጋዩ የሙግት ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። በየዘመኑ ሐውልት ስናቆምና ስናወርድ ለኖርነው ለእኛም ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አድናቆቴን ለድልድዩ፣ ተስፋዬን ግን ለዚያ ትምህርት ቤት እሰጣለሁ። የሁለቱ ወገን ልጆች ባንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ የታሪክ መጽሐፍ የገለጡ ዕለት፣ ድልድዩ ተመረቀ የምለው ያን ጊዜ ነው።