አገር ስጠኝ

እንግዳ ሆነው ከሰው ቤት ሲገቡ ባለቤቱ «ይጫወቱ እንጂ!» ቢልዎ ኳስ ፍለጋ አይነሡም፤ ወግዎን ይጀምራሉ። በአማርኛችን ጨዋታ ማለት ንግግርም ነው። ስለዚህ ዛሬ ላጫውትዎ የተነሣሁበት ነገር ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባውም እላለሁ። ሰዎች በኮምፒውተር ወይም በስልክ እየተጻጻፉ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በጋራ ታሪክ የሚሠሩበትን የጽሑፍ ጨዋታ ማለቴ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና «ኬላ ደርሳችኋል፤ ጠባቂው መንገዱን ዘግቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጽፋል። ሌሎቹ በየሚናቸው ይመልሳሉ። ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው።

ጨዋታው ወጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ አወጡ። በ1978 በእንግሊዝ አገር የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትራብሾ «መድ» የተባለውን፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተውን የጽሑፍ ጨዋታ መሥራት ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል አሳደገው። በእኛ ሠፈር የሆነው ግን ሌላ ነው። ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ በመስኪት ከተማ የነበረው አይዲ ሶፍትዌር በ1993 «ዱም»ን አወጣና ዓይን ጆሮን አሸነፈ። አልንቀውም፤ እኔም ተኩሼበታለሁ። ነገር ግን በዱም ውስጥ ያለው ጭራቅ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው። በጽሑፍ ጨዋታ «ጅብ መጣ» ሲባል እርስዎ የሚያዩት ጅብና እኔ የማየው ጅብ አይገናኙም።

ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ለውጤት የሚሮጡ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ፍለጋ የሚመጡ፣ ሌላውን ለማጥቃት የሚገቡ። እኔ ከሦስተኛዎቹ ነኝ። በመድ አጫዋቹ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ «አልገባኝም» ይላል እንጂ አይገረምም። ስለዚህ ሰው ሲያጫውት እመርጣለሁ። ከአራት የበለጠ ተጫዋችም አልወድ። ፍጥነትማ ጭራሽ! በጥድፊያ ሲሆን ጣቱ የፈጠነ ብቻ ይናገራል፤ በልጆቻችን ዘንድ ደግሞ የሚፈጥነው እንግሊዝኛው ነው። በቀን አንድ መልእክት ይበቃል። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ኤርፖርት ወረፋ ይዞ ይጽፋል፤ ነርሷ ጎረቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ትመልሳለች። ለእንደኛ ዓይነቱ ኑሮ የተቆረጠ ጨዋታ ነው።

የማልወደውንም ልንገርዎ። «አንተም ይህን ሰምተህ ደንግጠህ ሸሸህ» ብሎ በሌላው ገጸ ባሕርይ አፍ የሚናገር ተጫዋች ያስቆጣኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ ተራራና ደመና የሚገልጽ አጫዋች ያስተኛኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የታሪኩን መጨረሻ በኪሱ ይዞ የሚመጣው ነው።

«እንቆቅልሽ»ን ያስታውሱ። «ምን አውቅልሽ?» ብሎ መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። የተቀበለው ገብቶ እንደ ልቡ ይሆንበታል። ልብ ይበሉ፤ አገር ሰጪው የተሸነፈው ነው። አጫዋችም መሸነፍ ካላወቀ የሚሰጠው አገር የለውም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት ከእህቴ ሁለት ልጆች፣ ከታክሲ ነጂውና ከነርሷ ጋር በአማርኛ አንድ ጨዋታ ጀመርን፤ አጫዋቹ እኔ ነበርኩ። ነገሩ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርድ የሲራራ ጉዞ ነው። ጋርላንድ ተወልዶ ያደገው፣ ሰላምታ እንኳ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ የእህቴ ልጅ በቅሎ ነጂ ሆነ። ሦስት ሳምንት በፊደላችን ጻፈ። አንድ ሌሊት ከሁሉ የረዘመውን ላከ፦ ኬላ ጠባቂውን ሊያለዝብ ቡና አፈላለት። ጭሱን፣ ረከቦቱን፣ እናቱ ቅዳሜ ጧት ስታፈላ የሚያየውን ሁሉ አስገባበት።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «በዚያ ዘመን የጎንደር ክርስቲያን ቡና አይጠጣም፤ ነውር ነበር። አስተካክል» ብዬ ጻፍኩ። «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ በላቲን ፊደል። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ድምፁ ጠፋ።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን ጠባቂው ማተቡን ነካ አድርጎ ፊቱን ቢያዞር ኖሮ ያው ታሪክ ከጨዋታው ሳይወጣ ይደርሰው ነበር፤ ልጁም መላ መፈለግ ይጀምር ነበር። እኔ አጫዋችነቴን ትቼ አስተማሪ ሆንኩበት። የሰንበት ትምህርታችንም፣ የቤት ውስጥ አማርኛችንም በዚሁ በሽታ የተያዘ ይመስለኛል፤ ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር እርማት ነው።

ያዳነችን እኅቱ ናት፤ አርሊንግተን ኮሌጅ የምትማረው። «የኔ ሴትዮ የእስላም ቤት ነጋዴ ናት። ቡናው የኔ ነው፤ ልጁ ያፍላልኝ» ብላ ጻፈች። እስላም ቤት ይባል የነበረው የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ሠፈር ነው። የታሪክ ዕውቀቴን ይዤ ይህን አላሰብኩትም! አፈርኩ። «ሽታው ጠባቂው ዘንድ ደረሰ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። «ጠባቂው አፍንጫውን ሸፈነ። እግሩ ግን አልሄደም» ይላል።

በእኔ ጠባቂ አፍ፣ ያውም በእኔ ሕግ ክልክል የሆነውን! ሁለት ፊደልም ስቷል። ኬላውን ሰጠሁት።