«እኩል» ሲበላለጥ

«ቅጽል ሦስት ደረጃ አለው» እየተባልን አደግን። ቃሉ አጭር ከሆነ «ሎንግ፣ ሎንገር፣ ሎንገስት»፤ ሲንዛዛ ደግሞ «ሞር» እና «ሞስት» ከፊቱ ይሰለፋሉ፤ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» ከመስመር የወጣ ነውና በቃል ይያዛል። እንደ ዳዊት ደገምነው፤ ፈተናውንም አለፍን። ሠንጠረዡን ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

እስቲ በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመውን የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» እንውሰድ። እንስሳቱ ጌታቸውን አባርረው ሰባት ትእዛዛት ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። አሳሞቹ በስውር ሲደልዙ ሲቀጥሉ ቆይተው በመጨረሻ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ትቀራለች፤ ስለ እኩልነት የምትናገረው። እሷም ጭራ በቅሎላታል። ጭራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ኢኩዋል» በሚለው ቅጽል ላይ የተጫነ «ሞር»!

የሰዋስው ሰው እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣል፦ «እኩል»ና «ሙት» የመሰሉ ቅጽሎች ደረጃ የላቸውም፤ ሰው ወይ ሞቷል ወይ አልሞተም። ልክ ነው፣ ስሕተት ነው። ግን የማን ስሕተት? የአሳሞቹ ነዋ! ደራሲው የግፋቸውን ልክ በተሰበረ ሰዋስው አሳየን።

ሼክስፒርም «ጁልየስ ቄሳር» ውስጥ አንዱን ቅጽል በ«ሞስት»ም በ«ኢስት»ም ደርቦ አስሮታል። በእሱ ዘመን ይህ ያልተወገዘ አነጋገር ነበርና ቁጣውን ያከብደዋል እንጂ አያስቅም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የተነሡት ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው ያወገዙት። ኦርዌል የሚያስቀው አንባቢው ደንቡን ስለሚያውቅ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰውስ? አማርኛ «ኧር»ና «ኢስት» የለውም፤ «ከ» ብሎ ሲያበቃ «ይበልጣል» እያለ በግሥ ይፈርዳል። «እኩል»ና «በለጠ» ደግሞ ባላንጣ ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይገባም። እንግሊዝኛው በ«ሞር» ያለዘበው ውሸት በእኛ ቋንቋ አፍጥጦ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ይበልጥ»ን ፈርቶ በ«በተለይ» ወይም በ«እጅግ» የሚያባብል ተርጓሚ ቀልዱን ይገድለዋል፤ አሳሞቹንም ሳያውቀው ይሸፍንላቸዋል።

ደንቡ ይቅር አንልም። ደንቡን የማያውቅ አንባቢ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አምኖ ያልፋል። የምንነቅፈው ሠንጠረዡ ከመጻሕፍቱ ተነጥሎ መሰጠቱን ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እጃችንን አውጥተን «እኩል ለምን አይበላለጥም?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከሰዋስው ክፍል ይጀምር እንጂ እዚያው አይቀርም።