ስለ አጋንንት የተጻፈው የጥንት አባቶች ትምህርት ከፕላቶን የተቀዳ ነውን?

የቀድሞ አባቶች ስለ አጋንንት ያስተማሩት ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት የወጣ ነው ወይስ ከፕላቶን ተከታዮች የተወሰደ? ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የጉዳዩ ዋና ምስክር የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ፥ የግዕዝ አንባቢ በዚህ ክርክር ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው እንጂ።

አስቀድሞ የፕላቶንን ቃል መመርመር ይገባል። ፕላቶን፥ በግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚባለው፥ ስለ ፍቅር በጻፈው የግብዣ መጽሐፍ ውስጥ ዲዮቲማ የምትባል ጥበበኛ ሴት ሶቅራጥስን ስታስተምር ያሳያል። እርሷ እንደምትለው ፍቅር አምላክም አይደለም፥ ሟችም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የቆመ ታላቅ ዳይሞን ነው። አምላክ ከሰው ጋር በቀጥታ አይገናኝምና፥ የሰውን ጸሎትና መሥዋዕት ወደ ላይ የሚያደርሰው፥ የአማልክትንም ትእዛዝ ወደ ታች የሚያወርደው ይህ መካከለኛ ነው። እንግዲህ ዳይሞን የሚለው የጽርእ ቃል በመጀመሪያ የክፋት ስም አልነበረም። ከፕላቶን በኋላ ትምህርት ቤቱን ከመሩት አንዱ ክሴኖክራጥስ ግን ክፉዎች ዳይሞኖችም እንዳሉ ማስተማሩን ፕሉታርክ ጽፏል።

መጽሐፈ ሄኖክን የገለጠ ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። ቁጥራቸው 200 የሆነ ትጉሃን በሄርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ ከሰው ሴቶች ልጆች ረዓይትን ይወልዳሉ፤ ረዓይትም ሲሞቱ ከሥጋቸው የወጣው መንፈስ በምድር ላይ ክፉ መንፈስ ይሆናል፤ ይህም በምዕራፍ 15 ተጽፏል። መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 10 መስቴማ ከነዚህ መናፍስት ከአሥር እጅ አንዱ እጅ እንዲቀርለት እንደ ለመነ ይተርካል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰውን ጸሎት የሚያደርስ ጋኔን አይገኝም። አመጣጡ ከዓመፅ ነው፤ ሥራው ማጥፋት ነው፤ ፍጻሜውም ፍርድ ነው። በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ ዘንድ ይነበብ እንደ ነበረ ስላስረዱ፥ ይህን ትምህርት ክርስቲያኖች ከግሪክ ትምህርት ቤት አምጥተው ጨመሩት ማለት አይቻልም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት ነው። ዮስጢኖስ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት የፕላቶንን ትምህርት ይከተል እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ስለ አጋንንት ሲጽፍ የፕላቶንን መካከለኛ ለመያዝ ከማንም ይልቅ የቀረበ ሰው ነበረ። ነገር ግን በሁለተኛው የመከላከያ መጽሐፉ አጋንንት ትእዛዝ ካፈረሱ መላእክትና ከሴቶች የተወለዱ ናቸው ይላል፤ ይህም የሄኖክ ነገር እንጂ የዲዮቲማ ነገር አይደለም። ሶቅራጥስን በጣም የሚያከብረው ይህ ሰው፥ የሶቅራጥስን መገደል እንኳ የአጋንንት ሥራ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ትረካ እንዳለ ሆኖ አልቀጠለም። በኋላ ዘመን ብዙዎች አባቶች ከሰው ሴቶች ልጆች ጋር የተቀላቀሉት መላእክት ሳይሆኑ የሴት ልጆች ናቸው ብለው ተረጎሙ፤ ይህ ትርጓሜ በኢትዮጵያ ሊቃውንትም ዘንድ የታወቀ ነው። የአጋንንትም መነሻ ወደ ሳጥናኤል ውድቀት ተመለሰ። ታሪኩ ቢለወጥም ፍርዱ አልተለወጠም፤ ጋኔን በገዛ ፈቃዱ የወደቀ ፍጥረት ነው።

ከፕላቶን ተከታዮች ምንም አልተወሰደም ማለት ግን እውነትን ማጓደል ነው። አጋንንት በአየር ይኖራሉ፥ ረቂቅ አካል አላቸው፥ በመሥዋዕት ጢስ ይመገባሉ የሚለው አነጋገር በሁለቱም ወገን ይገኛል። ትምህርቱ በኋላ የተነቀፈበት ኦሪጌንስ ይህን ጽፏል፤ የክርስቲያኖች ተቃዋሚ የነበረው ፖርፊርዮስም ክፉዎች ዳይሞኖች በጢስ እንደሚወፍሩ ጽፏል። ሆኖም ኦሪጌንስ ከፖርፊርዮስ የቀደመ ስለሆነ፥ ሁለቱ የዘመናቸውን የጋራ ቋንቋ ተናገሩ ማለት እንጂ አንዱ ከሌላው ገለበጠ ማለት አይገባም። የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ413 ጀምሮ በ426 በፈጸመው የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ የፕላቶናዊውን የአፑሌዩስን ድርሰት እየጠቀሰ ይሞግታል። አጋንንት በአየር መኖራቸውን አይክድም፤ የሚክደው አስታራቂነታቸውን ነው። የሰው ልጅ መካከለኛ ያስፈልገዋል፤ ያም ክርስቶስ ነው ይላል። እንግዲህ ጥያቄው የፕላቶን ነበረ፤ መልሱ ግን የወንጌል ሆነ።

የግዕዝ ተርጓሚዎችም ሥራ ሊታለፍ አይገባውም። ዲያብሎስ የሚለውን ቃል ከጽርእ እንዳለ ተቀበሉ፤ ጳራቅሊጦስ የሚለውንም እንዲሁ። ዳይሞን የሚለውን ግን አልተቀበሉም፤ በስፍራው ጋኔን የሚለውን የሴም ቃል አኖሩ። በዚህም ምክንያት ግዕዝ የሚያነብ ሰው የአሕዛብ አማልክት አጋንንት ናቸው የሚለውን ቃል ሲሰማ፥ የግሪክ አንባቢ ያስታውሰው የነበረው የጥንቱ ደግ መካከለኛ በአሳቡ አይመጣበትም።

ነገር ግን ከመጽሐፍ የወጣው መካከለኛ በሕዝብ መካከል ይገኛል። ስለ ዛር የሚነገረው ተረት ሔዋን ከ30 ልጆቿ ያማሩትን 15ቱን ከእግዚአብሔር ፊት ደበቀች፥ የተሰወሩትም ዛር ሆነው ቀሩ ይላል። በዚህ ተረት ዛር አምላክም አይደለም፥ ሰይጣንም አይደለም፤ ይቆጣል፥ ይታረቃል፥ ግብሩን ሲያገኝ ፈረሱን ያሳርፋል። ፕላቶንን በስሙ እንኳ ሰምታ የማታውቅ ባልቴት ቡና አፍልታ ዛሯን ስትለማመን፥ ሥራዋ አውግስጢኖስ ከተሟገተው ነገር ጋር ይቀራረባል። በመካከል ያለውን መንፈስ በስጦታ ማስታረቅ ነውና። ከጸበል ቦታ የሚቆመው ካህን ስለዚህ የሚጠየቀው የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሽተኛዋ ከመንፈሱ ጋር ትዋዋል ወይስ ትካደው? በዚህ ላይ አባቶች አንድ ቃል ናቸው። መድኃኒት መከልከል ግን ከዚህ አይከተልም፤ መላእክት ለኖኅ የዕፅዋትን መድኃኒት እንዳስተማሩት የሚናገረው ያው የኩፋሌ 10ኛ ምዕራፍ ነው።

በመተከል፥ በማንዱራ ወረዳ፥ ገነተ ማርያም በምትባለው ከተማ ዙሪያ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በአገሩ በሚኖረው በጉሙዝ ሕዝብ ባህላዊ እምነት መናፍስት በቤት፥ በእርሻ፥ በጎተራ፥ በዛፍና በተራራ ያድራሉ ይባላል። በዚያ የሚያስተምር ሰባኪ እነዚህን ሁሉ ባንድ ቃል ጋኔን ብሎ ቢተረጉም፥ የጥንት ተርጓሚዎች የሠሩትን ይሠራል፤ ነገር ግን እነርሱ የተዉትን ቃል ያውቁት ነበር። ዮስጢኖስ ፕላቶንን የተቃወመው ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ከተማረ በኋላ ነው። የጎረቤቱን ቃል ትርጉም ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው የአባቶችን ፍርድ ይዟል፤ ትዕግሥታቸውን ግን ገና አልያዘም።