ስለ አንድ ሰማያዊ ካፖርት

በእንግሊዝ ድርሰት ውስጥ የተማሪ ቤት ልጅ ብቅ ሲል ከመልኩ ቀድሞ ልብሱ ይታየናል። ደራሲዎቹ ስለዚያ ልብስ አጥብቀው ይጽፋሉ፤ እኛ አንባቢዎች ግን ብርድ አገር ስለሆነ ነው እያልን እናልፈዋለን። ነገሩ የብርድ ብቻ ነው እንዴ? አይመስለንም።

ከቶማስ ሂዩዝ እንጀምር። በ1857 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የቶም ብራውን ታሪክ፣ ልጁ ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት የሚጓዘው ገና ሳይነጋ፣ በፈረስ ሠረገላ ጣራ ላይ ተቀምጦ ነው። ካፖርቱ ብርዱን አልችል ስላለ የሠረገላው ረዳት እግሩን በገለባ ይሸፍንለታል፤ ጉልበቱ ላይም የአጃ ከረጢት ጣል ያደርግለታል። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ግን በረደህ ወይ የሚለው የለም። ኢስት የሚባለው ተማሪ ገና ከመተዋወቃቸው ቆብህ አይሆንም፣ እንዲህ ያለውን የሚያደርጉ ተራዎቹ ናቸው ብሎ ባርኔጣ ሊያስገዛው ይዞት ይሄዳል። ገለባውን ያለበሰው የሠረገላ ረዳት ነው፤ ልብሱን የመረመረው የትምህርት ቤት ጓደኛው።

ዲክንስ ደግሞ ከ1838 እስከ 1839 በየወሩ ባወጣው «ኒኮላስ ኒክልቢ» ውስጥ ጨካኙ የትምህርት ቤት ባለቤት ስኩዊርስና ሚስቱ ከየዘመዱ ለተማሪዎቹ የተላከውን ልብስ ይህ ሰፋ፣ ያ ጠበበ እያሉ ለገዛ ልጃቸው ያለብሱታል። ያ ልጅ መቼም ተአምር ነው፤ ሁሉም ልኩ ይሆናል! ይህ ማብራሪያ አይፈልግምና እንለፈው።

ዋናው ሰውዬያችን ቻርልስ ላምብ ነው። (እንግሊዞቹ የመጨረሻዋን ፊደል አይጠሯትም፤ እኛ ብናስቀራት ሰውዬው ከብት ሊሆንብን ስለሆነ አቆይተናታል።) የተማረው በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ በነበረው ክራይስትስ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል ይባል እንጂ በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ በ1552፣ ለድሃ ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ልብሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰማያዊ ካፖርት፣ የቆዳ ቀበቶና ረጅም ቢጫ ካልሲ ነው። ዛሬ ቀለሙ ያስደንቀን ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ሲቋቋም ግን ሰማያዊ የአሽከርና የሙያ ተለማማጅ ቀለም ነበረ። ላምብ ራሱ የአንድ የሕግ ሰው አገልጋይ ልጅ ሲሆን፣ የገባውም በአባቱ ጌታ ደጋፊነት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ጽፏል። የ1813ቱ ውዳሴ ነው። ልጁ ራሱን እንደ ምጽዋት ልጅ አይቆጥርም፤ ልብሱም ጥንታዊና የተከበረ ስለሆነ ራሱን እንዲያከብር ያደርገዋል ይላል። እዚህ ላይ ቢያቆም በወደድን። ያው ልብስ የጥገኝነት ምልክት ስለሆነ የልጅነት ድፍረቱን ይገታለታል ብሎ ያንንም እንደ በጎ ነገር ይቆጥረዋል። እንግዲህ አንዱ ካፖርት አንገት ቀና ያደርጋል፣ ደግሞም አንገት ያስደፋል ማለት ነው። ላምብ ሁለቱን ወዲያው አስታርቆ ያልፋል፤ ለእኛ ግን አልታረቁልንም። ልጁ የሚመሰገነው ለጭምትነቱ ከሆነ፣ የተከበረው ልጁ ነው ወይስ ልብሱን የሰጠው?

በ1820 ኤልያ በሚል የብዕር ስም ሁለተኛውን ጻፈ። ዘዴው ግሩም ነው። ኤልያ ይነሣና ላምብ ሲያወድስ ሌላውን ወገን ትቶታል ብሎ ደራሲውን በገዛ ብዕሩ ይከሰዋል። የሚናገረውም በትምህርት ቤት ጓደኛው፣ በገጣሚው ኮልሪጅ አፍ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ እንደሌለው የገጠር ልጅ ሆኖ። ላምብማ ዘመዶቹ ቅርብ ስለነበሩ አክስቱ ከቤት ትኩስ ምግብ ይዛለት ትመጣ ነበር፤ እሷን እየወደደ ባመጣችው ነገር ያፍራል። ያኛው ልጅ ግን በዕረፍት ቀን ከግቢ ያስወጡታል፤ መሄጃ የለውም። በብርዱ ወራት (ክረምት ብንል የሐምሌ ዝናብ ይመስላል) ያለ ዓላማ በለንደን መንገዶች ይንከራተታል፤ ሥዕል በሚሸጥባቸው ሱቆች መስኮት ፊት እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ልጆች የለበሱት ያንኑ ሰማያዊ ካፖርት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ዩኒፎርም የሀብታሙንና የድሃውን ልዩነት ያጠፋል እያሉ ሲከራከሩን ከርመዋል። ከአጥሩ ውስጥ እውነት ሊሆን ይችላል። ላምብ ያየው ግን ልዩነቱ ከጨርቁ ወጥቶ ወደ አክስት፣ ወደ ምግብ፣ ወደ መሄጃ ቤት መዛወሩን ነው። የ1813ቱ ድርሰት ይህን አያውቅም፤ የ1820ው ያውቃል። ሁለተኛውን የምናስበልጠውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ስለ ኮብላዮቹ ልጆች የጻፈው ነው። መጀመሪያ የኮበለለ በእግር ብረት ይታሰራል። ሁለተኛ ከደገመ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይዘጋበታል። ለሦስተኛ ጊዜ የኮበለለውን ግን ሰማያዊውን ልብስ ገፈው፣ የለንደን የመንገድ መብራት ለኳሾች ይለብሱት የነበረውን የመሰለ ጃኬትና ቆብ አልብሰው ያወጡታል፤ ገርፈውም ያባርሩታል። የጥገኝነት ምልክት የተባለው ልብስ እኮ ነው! ልጁ ሦስት ጊዜ ሊሸሸው የሞከረውን ካፖርት ሲወስዱበት፣ መወሰዱ ራሱ ከግርፋቱ የማይተናነስ ውርደት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ላምብ ይህን ትዕይንት ከስፔን የሃይማኖት ችሎት ሥርዓት ጋር እያመሳሰለ ይቀልድበታል። ከመካከላችን ቀልዱ ባይኖር ኖሮ ደፍሮ ሊጽፈው አይችልም ነበር የሚል አለ፤ ተከራክረን አልተስማማንም። አብዛኞቻችን ልጁ አንድ ቃል እንኳ እንዲናገር ጓጉተን ነበር። ብረት የገባበት፣ ጨለማ የተዘጋበት፣ የተገፈፈው፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ምን እንደለበሱ ግን በደንብ ተነግሮናል።

ትምህርት ቤቱ በ1902 ከለንደን ወደ ሆርሻም ተዛውሯል፤ ካፖርቱ እስከ ዛሬ ይለበሳል። ፎቶግራፉን ያየ ያምራል ይላል፤ በእርግጥም ያምራል። የ1820ው ድርሰት በ1823 በታተመው የኤልያ ድርሰቶች መድብል ውስጥ ይገኛል። ለማንበብ ያሰባችሁ ከ1813ቱ ብትጀምሩ ይሻላል፤ አለዚያ ኤልያ ላምብን ስለ ምን እንደሚከሰው ግልጽ አይሆንላችሁም።