«ሰው ለሰው» እንደ አውጫጭኝ፤ የአንድ የወረታ ተመልካች አስተያየት

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከታዩት ተከታታይ ድራማዎች መካከል «ሰው ለሰው» የተባለውን ያህል ብዙ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ያስቀመጠ ጥቂት ነው። በ2003 ዓ/ም ገደማ ተጀምሮ በ2006 ዓ/ም እስኪፈጸም ድረስ ከመቶ የሚበልጥ ክፍል ነበረው። ስለ ድራማው የተነገረውና የተጻፈው አብዛኛው ስለ ተዋንያኑ ሲሆን፥ ይልቁንም አስናቀ የተባለውን ባለጸጋ ሆነው ስለ ተጫወቱት ስለ አቶ አበበ ባልቻ ነው። ምስጋናው የሚገባቸው ነው። ክፉ ሰው ሁሉ መጮኽ ያለበት በሚመስልበት የትያትር ልማድ ውስጥ፥ እሳቸው ቃላቸውን እየመጠኑ በጨዋነት ጭምር ክፋትን ስላሳዩ፥ ብዙ ሰው ከራሳቸው ስም ይልቅ በአስናቀ ስም ያውቃቸው ጀመር። ነገር ግን አንድ ተዋናይ ብቻውን ይህን ያህል ሕዝብ ይህን ያህል ጊዜ አስሮ ሊያቆይ አይችልም። ተመልካቹን የያዘው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ተመልካቹን ራሱን መስማት ያስፈልጋል፤ በዚህም ረገድ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ሰው የሚለው ቃል ሳይጠቅም አይቀርም።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፥ ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ያለብሱታል። አገሩ ጥንቱን በከብቱ የታወቀ ነው፤ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባበት ወዲህ ደግሞ ቀድሞ ጥፋት ብቻ ይመስል የነበረው ውሃ ለገበሬው ሲሳይ ሆኖታል። በዚህች ከተማ «ሰው ለሰው»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተሉ፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ ቀድሞ ከብት ያረቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። በቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበረ በየሳምንቱ ወደ ጠጅ ቤት እየሄዱ ያዩት ነበር። መብራት በሚጠፋበት ማታ ጠጪው ሁሉ በጨለማ ተቀምጦ የቀረውን በግምት ይጨርሰዋል፤ በማግሥቱ ካየ ሰው ሲሰሙም ግምታቸው ከደራሲዎቹ ሥራ ተሽሎ የተገኘበት ጊዜ እንደ ነበረ ሽማግሌው በኩራት ይናገራሉ። ዛሬ ደግሞ በልጅ ልጃቸው ስልክ እንደገና ያዩታል።

ሽማግሌው ስለ ድራማው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ «ይኸማ አውጫጭኝ ነው» ይላሉ። ነገሩ ለጨዋታ የተባለ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ከብዙ ትችት የጠለቀ ሆኖ ይገኛል።

አውጫጭኝ፥ በሌላው ስሙ አፈርሳታ፥ ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ የሚሰበሰብበት ሥርዓት መሆኑ የታወቀ ነው። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይውላል። የታመኑ ሽማግሎች ይመረጣሉ። የሚያውቅ ሰው በግልጥ መናገር ቢፈራ ለአንዱ ሽማግሌ በስውር ያወራዋል፤ ሽማግሌውም የነጋሪውን ስም ሳይገልጥ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ቃሉን ያወጣል። ወንጀለኛው ካልወጣ የጠፋውን አገሩ በሙሉ ተካፍሎ ይከፍላል። የሥርዓቱ መሠረት አንድ እምነት ነው፤ ይኸውም በአገር ውስጥ የተሠራ ነገር ከአገር ሰው ሊሰወር አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ በሜዳው ላይ የሚጠየቀው «ማን አደረገው» ከሚለው ይልቅ «የሚያውቀው ለምን ዝም አለ» የሚለው ነው።

ከአውጫጭኝ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ሌላው የቀድሞ ዘዴ ሌባ ሻይ ነው። በሌባ ሻይ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፥ በወገቡ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ይባላል። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ሰው ዕውቀት ዋጋ የለውም። ልዩ ኀይል የተሰጠው አንድ ሰው ከውጭ መጥቶ፥ ማንም ያላየውን አይቶ ይወድቅበታል።

የአውሮፓ የመርማሪ ታሪክ፥ ይህ አነጋገር ለአፍቃሪዎቹ ቅር ቢያሰኝም፥ ከሌባ ሻይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በ1887 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የወጣው ሼርሎክ ሆምስ ከመንደሩ ሰው ምክር የማይጠይቅ እንግዳ ነው፤ አመድና ጭቃ ይመረምራል፥ በመጨረሻም ከወንጀለኛው ደጅ ይደርሳል። አንባቢው እስከዚያ ድረስ ምንም አያውቅም፤ ደስታውም ከዚህ አለማወቅ የሚገኝ ነው። በአማርኛም ይልማ ሀብተየስ ይህን ዐይነት የምርመራ ልብ ወለድ ለአንባቢ አስተዋውቀዋል። በ1971 እ.ኤ.አ. በተከታታይ መታየት የጀመረው የአሜሪካኑ «ኮሎምቦ» ገዳዩን አስቀድሞ ለተመልካቹ በማሳየት ሥርዓቱን ገለበጠው፤ ሆኖም መርማሪው ወዲያው ስለሚጠረጥር ተመልካቹ በዕውቀቱ ብቸኛ ሆኖ ብዙ አይቆይም።

«ሰው ለሰው» ከሁለቱም የተለየ ነው። የአስናቀ ሥራ ለተመልካቹ የተሰወረ አይደለም። በጠጅ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ሰውየውን ያውቀዋል፤ በድራማው ውስጥ ያሉት ግን ያከብሩታል፥ ይመክሩታል፥ ከእሱም ምክር ይቀበላሉ። ሽማግሌው ይህን ሲገልጡ «እኛ ሁላችን ወፍ ነበርን፤ የሚጠይቀን ሽማግሌ ግን አልነበረም» ብለዋል። የድራማው ኀይል ያለው በዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ምስክር ሆኖ ይቀመጣል፤ ቃሉን የሚቀበለው ግን የለም። በየቤቱ «ኧረ እሱን አትመኚው!» እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚጮኸው ሰው የሚሣቅበት አልነበረም፤ በአያቶቹ ሜዳ ላይ ይጠየቅ የነበረውን ቃል ሳይጠየቅ መስጠቱ ነበር።

ድራማው ስሕተት የሚሠራውም በዚሁ በኩል ነው። አውጫጭኝ እንዲረዝም የተደረገው በዓላማ ነው። ሰው እርሻው ሲታጐልበት፥ ከብቱ ሲራብበት፥ ዝምታው ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ስለዚህ ይናገራል። በ«ሰው ለሰው» ግን የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ተመልካቹ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በታሪኩ መካከል አካባቢ ሰዎች ዝም የሚሉት ስለሚፈሩ ወይም ስለሚጠቀሙ መሆኑ ቀርቶ፥ ቢናገሩ ድራማው ስለሚያልቅ ብቻ ይመስላል። ሽማግሌውም ይህን ነገር አልሳቱትም፤ «ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ፊቱ ያስታውቃል፤ እነዚህ ግን ፊታቸው ምንም አይልም» ይላሉ። ይህ ቃል ለደራሲም ለአዘጋጅም የሚጠቅም ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ድራማው ክፋትን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ስላከማቸ፥ ተመልካቹ አስናቀን ጠልቶ በንጹሕ ልብ ወደ መኝታው ይሄዳል። ባለጸጋ ግን ብቻውን አይኖርም። በሩን የሚከፍት ዘበኛ፥ መኪናውን የሚነዳ ሾፌር፥ ቡናውን የምታቀርብ ሠራተኛ፥ ሒሳቡን የሚጽፍ ጸሐፊ አሉት፤ እነዚህም ከሚያውቁት ብዙውን አይናገሩም። ደራሲዎቹ የእነዚህን ሰዎች ልብ ለመመርመር የሰጡት ጊዜ፥ የአስናቀን ተንኮል ለማራቀቅ ከሰጡት ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። በአውጫጭኝ ሕግ ቢታይ ዕዳው የሁሉ ነበር፤ በድራማው ግን የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሲባል የሽማግሌውን አሳብ እስከ መጨረሻው መቀበል አይቻልም። እሳቸው የአውጫጭኝን መቅረት እንደ ጉዳት ይቈጥሩታል። ነገር ግን ስሙ የማይገለጥ ወፍ ጠላትም ሊሆን ይችላል። በሜዳው ላይ ከተሰበሰበው መካከል ዘመድ የሌለው ድኻ፥ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፥ ወይም በሥራው የሚናቅ ባለእጅ ቢኖር፥ አገሩ ከዕዳ ለመውጣት ጣቱን ወደ ማን እንደሚቀስር ለመገመት አያስቸግርም። የ1954 ዓ/ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምስክር በችሎት ቆሞ እንዲናገርና መስቀለኛ ጥያቄ እንዲቀርብለት ማድረጉ ከዚህ ዐይነቱ አደጋ የሚያድን ነው። ሆኖም በግልጥ መቆም ለምስክሩ አዲስ ፍርሀት አመጣበት፤ ድራማው በተጀመረበት አካባቢ፥ በ2003 ዓ/ም፥ የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 699 መውጣቱም ችግሩ በሕግ አውጪዎች ዘንድ የታወቀ እንደ ነበረ ያሳያል። አንድ ሕዝብ በየሳምንቱ «የሚያውቀው ለምን አይናገርም» እያለ በሚጨነቅበት ወራት ሕጉ ስለዚያው ጥያቄ ይደነግግ ነበር። ደራሲዎቹ ይህን አጠገባቸው የነበረ ነገር ከዚህ ይበልጥ ቢጠቀሙበት ኖሮ፥ ድራማው ከአስናቀ ክፋት የሚሰፋ ጕዳይ ባገኘ ነበር።

ይህን አሳብ ሽማግሌው ሲሰሙት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ የወፍ ጠላትነት በእሳቸውም ዘመድ ላይ አንድ ጊዜ ደርሶ እንደ ነበረ ተናገሩ። ስለ የትኛው ጕዳይ እንደ ሆነ ግን አልገለጡም።

አሁን ድራማውን በስልክ ሲያዩ ሁሉንም አያዩትም። የልጅ ልጃቸው የአስናቀን ታላላቅ ንግግሮች ደጋግማ ልታሰማቸው ትወዳለች፤ እሳቸው ግን በጣታቸው ገፋ እያደረጉ ያሳልፉታል። «ቁሚ፥ እዚህ ላይ ቁሚ» የሚሏት አንድ ሰው በር አጠገብ ቆሞ የማይገባውን ነገር በሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስልኩን ወደ ዐይናቸው አቅርበው የሰሚውን ፊት ይመለከታሉ።